በድልድዩ ላይ ስም ያነበበው

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የገዛሁት የቀረጻ ቁጥር ልመዘግብበት ነበር። ሁለት ገጽ መዝግቤ ተውኩት። አሁን የማወራው ሰው ስለሌለኝ ለሌላ ነገር ይሁን።

የምንሠራው ፊልም ስለ ቀድሞ ጂሃዲስቶች ነው። ጫካ ከርመው እጃቸውን የሰጡ ወይም የተያዙ፣ አሁን ከእስር ቤት ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ሰዎች። ዳይሬክተሯ ለፈቃዱ አንድ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንታለች። ድምፅ የሚቀዳልን ጋሽ ጆሮ ነው፤ ሦስት ፎቅ ታች የወደቀ መርፌ ይሰማዋል ብለን ያወጣንለት ስም ነው፣ እሱም ወዶታል። እኔ ኤዲተሯ ነኝ። መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ምስሉን ከድምፁ አገጣጥማለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ።

ዛሬ የሾፌሩን ቃለ መጠይቅ አየሁ። ታጣቂዎቹን በመኪና ሲያመላልስ የነበረ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ተፈርዶበታል፣ ክፉኛ ያስለዋል። ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ዳይሬክተሯና ጋሽ ጆሮ ተጨማሪ ሰዓት ለመለመን ወደ እስር ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ወጡ። ካሜራውንም የድምፅ መቅጃውንም አላጠፉም። ሾፌሩና አንድ ጠባቂ ብቻቸውን ቀርተው አራት ደቂቃ አወሩ።

አራቱን ደቂቃ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

ማክሰኞ 5

የሱቋ ሴትዮ፦ «ዳቦ ጨመራችሁ እኮ! እንግዳ መጣ እንዴ?»

«እማዬ የምግብ ፍላጎቷ ተከፍቶ ነው» አልኳት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከነገ ጀምሮ ዳቦ ከሌላ ሱቅ ነው የምገዛው።

ረቡዕ 6

ያሉትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። ቢያንስ እዚህ ይቀመጥ።

በፊት ግን ስለ ዳቦ ጋጋሪው። የፊልማችን ዋና ሰው እሱ ነው። ጫካ እያለ ለታጣቂዎቹ ዳቦ ይጋግር ነበር። የተከሰሰው ግን በዳቦ አይደለም። ድልድዩ ላይ አውቶቡስ አስቁመው ሰባት የመንግሥት ሠራተኞች በገደሉበት ቀን፣ መታወቂያ እያነበብክ የሚሞቱትን የለየህ አንተ ነህ ተብሎ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ሞት ነው የጠየቀበት።

ጠባቂው እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ «እስቲ አሁን ማንም የለም። እውነት ዳቦ ጋጋሪው ነው ያነበበው?»

ሾፌሩ ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። «እሱማ ፊደል መች ያውቃል! የዱቄቱ ከረጢት ላይ ያለውን እንኳ እኔ ነበርኩ የማነብለት። ያነበበው መነጽሩ ነው።»

«መነጽሩ ማነው?»

«መነጽሩ ነበር የምንለው። እዚያ ስም አንጠያየቅም። ቀጭን ልጅ ነው። የመነጽሩ አንደኛው እግር ተሰብሮ በቀይ የጥፍር ቀለም ተለጥፏል፤ እህቴ ናት የለጠፈችልኝ ይል ነበር። መታወቂያውን ሰብስበን ሰጠነው። ሥራ የሚለውን እያየ፣ እየለየ ይጠራል። ስሙ የተጠራው ሁሉ አቤት ይላል። እንደ ተማሪ! አቤት እያለ ይወርዳል። አንዷማ ዘይት የያዘ ጀሪካኗን ለጎረቤቷ አስይዛ ነው የወረደችው፣ የምትመለስ መስሏት። ሰባት። ደግሞ ሲያነብ ብትሰማው፣ ዜና አንባቢ ነው የሚመስለው።»

ከዚያ በር ሲከፈት ይሰማል፤ ዳይሬክተሯ ተመለሰች።

ሐሙስ 7

አራቱን ደቂቃ ምስል ቆርጬ ፍላሽ ላይ አደረግሁት። ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት። መዝገቡ ላይ «ሳል፤ አይጠቅምም» ብዬ ጻፍኩ።

ለጊዜው ነው። ላጣራ ብዬ ነው። ሰው ሳያጣራ የሰው ስም ያጠፋል እንዴ?

ቀይ የጥፍር ቀለም ደግሞ በዓለም ላይ እኔ ብቻ አይደለሁም ያለኝ።

ሰኞ 11

እሺ፣ ልጻፈው። ማን ሊያየው ነው።

ወንድሜ እኛ ቤት ነው ያለው። የጓሮዋ ክፍል ውስጥ። ሦስተኛ ወሩን ያዘ። ከአራት ዓመት በፊት ውጭ አገር ሥራ አገኘሁ ብሎ ወጣ። ለጎረቤትም ለዘመድም ያንኑ ስንናገር ኖርን፤ በመጨረሻ እኛም አመንነው። አንድ ቀን ሲመሽ፣ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ፣ በጓሮ በር መጣ። አጥንትና ቆዳ ብቻ። «ጫካ ነበርኩ» አለ። «ግን ወላሂ እቴቴ፣ በእጄ ሰው አልነካሁም።» እማዬ ጎንበስ ብላ ጭቃውን ከእግሩ ላይ ታጥብለት ነበር። አመንኩት። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ወንድሜ በሕይወት አለ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ ቦታ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነው የሰነበትኩት።

ዛሬ የእማዬን የደም ግፊት መድኃኒት ወረቀት ሲያነብላት ሰማሁት። «በቀን አንድ ጊዜ። ከምግብ በኋላ። በመኝታ ሰዓት አይወሰድም።» ጥርት አድርጎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ። እማዬ ማንበብ አትችልም። «እሱ ሲያነብልኝ እኮ መድኃኒቱን ሳልውጠው ያሽለኛል» ትላለች።

ተነሥቼ ቧንቧውን ከፈትኩት። የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።

ቅዳሜ 16

ቅዳሜም ገባሁ። ቤት መዋል አልቻልኩም።

ዳቦ ጋጋሪውን ስቆርጥ ዋልኩ። ወፍራም ጣቶች አሉት፣ ሲናገር ጠረጴዛውን ሊጥ ይመስል ይጫነዋል። «አቡክቻለሁ፣ ጋግሬያለሁ» ይላል። «ጠመንጃም ይዣለሁ። ተኩሼም አውቃለሁ፣ ማን እንደተመታ አላየሁም። ለዚያ ፍረዱብኝ፣ አልከራከርም፣ ይገባኛል። ያላነበብኩትን ግን አነበብክ አትበሉኝ። አላነብማ!»

ዳይሬክተሯ፦ «ፍርድ ቤቱ ለምን አላመነህም?»

«ወረቀት ሰጡኝ። አልችልም አልኩ። ዐቃቤ ሕጉ 'አለመቻልማ ማንም ይችላል' አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።» ከዚያ ጠረጴዛውን እንደገና ተጭኖ፦ «የሞቱት ሰዎች ቤተሰብ ፊት ለፊቴ ነው የሚቀመጡት። የሚጠሉት ሰው አግኝተዋል፣ ግን የተሳሳተውን ነው። ለእነሱም አይሆንም ይሄ።»

ይህን ማስቀረት አልቻልኩም። ፊልሙ ውስጥ ይግባ አልኩ። ይህን ካስገባሁ ምን ጎደለኝ? ውሸታም!

ሻይ ክበብ ውስጥ ከኋላዬ፦ «ምን ይቀርጿቸዋል! ሰብስቦ ማንጠልጠል ነው እንጂ።» ሌላዋ ደግሞ፦ «የደበቋቸውንም ጭምር።» ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ወደ እኔ አላዩም ነበር። ያዩ መሰለኝ እንጂ አላዩም።

ረቡዕ 20

ሾፌሩ ሞተ። ሳንባው ነው አሉ። ዳይሬክተሯ ስልኩን ዘጋች። «ምስኪን» አለች።

እኔ መጀመሪያ የተሰማኝን አልጽፈውም።

እሺ እጽፈዋለሁ። እፎይ አልኩ። ከዚያ ራሴን ፈራሁት።

ጠባቂው አለ። ጠባቂውም ሰምቷል። ለምን እኔ ብቻ?

ሐሙስ 21

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ቢሮ መጣች። ቀጠሮ የላትም። ዳይሬክተሯ ስለሌለች እኔ ጋ አመጧት። ወንበር ሰጠኋት፣ ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠች።

«ላስቸግርሽ አይደለም እህቴ። ስትቀርጹ ስለ ባሌ የተናገረ ሰው ካለ ብዬ ነው።»

«ሁሉም ተመዝግቧል» አልኳት። ምን ማለት ነው ይሄ? የቢሮ ቋንቋ።

«አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። የሐኪም ወረቀት እንኳ እኔ ነኝ የማነብለት። ለዳኛው ነገርኩት፤ ሚስት ስለሆንሽ አይያዝልሽም አለኝ።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ፣ ጥፍሬን አየች። «ቀለሙ ያምርብሻል» አለችኝ። እንዲያው የምትለው ጠፍቷት ነው፣ ልታመሰግነኝ ፈልጋ ነው። እኔ ግን ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልኩ።

ስትወጣ ጥፍሬን በአልኮል ጠረግሁት። ጣቴ እስኪቀላ።

ሰኞ 25

ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተም ያለው። የዳቦ ጋጋሪው ጠበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤቱ አዟል፤ ያልተቆረጠው ቀረጻ በሙሉ፣ ምስሉም ድምፁም፣ እስከ ሐሙስ 5 ለጽሕፈት ቤቱ ይግባ። ፍርዱ በማግስቱ ነው።

ጠበቃው ጠባቂዎቹንም አንድ በአንድ አነጋግሯል። ሁሉም ምንም አልሰማንም ብለዋል። ልጆች አሏቸው፣ እንጀራቸው ነው፣ ማን ይፈርድባቸዋል።

እንግዲህ ቀረሁ እኔ።

ማክሰኞ 26

ጉድ ፈላ።

ጋሽ ጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አድርጎ ገባ። ለፍርድ ቤቱ የሚሄደውን እያሰናዳ ነበር። «ልጄ» አለኝ፣ «የሾፌሩ ድምፅ ከምስሉ በአራት ደቂቃ ይረዝማል።»

ምስሉን ቆርጬ ድምፁን ረሳሁት! አሥር ዓመት ሙሉ ሁለቱን ሳጋጥም የኖርኩ ሴትዮ! ካሜራው ለብቻ፣ መቅጃው ለብቻ እንደሚሠራ ለስንት ጀማሪ አስተምሬያለሁ። ስትሰርቂ ግን አእምሮሽ አብሮሽ አይሄድም።

«ካሜራው ቆሞ ይሆናላ፣ ጋሼ» አልኩ።

«ይሆናል።» ዓይኔን አላየውም፣ እጄን ነበር የሚያየው። «ገና አልሰማሁትም። ልስማው?»

«አይ፣ ተወው፣ እኔ አየዋለሁ።»

ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «የምሰማው እንድሰማ የተሰጠኝን ነው» አለ። «ሐሙስ ግን አብረን ነው የምንሄደው።» በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ድምፁንም ወደ ፍላሹ አዛወርኩት። አሁን ሌላ ቦታ የለም። ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ካልሲ ውስጥ ነው። በካልሲ ውስጥ የአንድ ሰው ነፍስ።

ቅዳሜ 30

ለወንድሜ ምሳ ይዤ ጓሮ ገባሁ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። አልጋው ላይ አሮጌ ጋዜጣ እያነበበ ነበር፤ ቀይዋ ጠብታ ጆሮው አጠገብ ታበራለች። ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ቀን ነው የለጠፍኩለት። መሬት ላይ ቁጭ ብለን፣ እስኪደርቅ እፍ እያልኩበት።

«ድልድዩ ላይ ነበርክ?» አልኩት።

አልነበርኩም አላለም። «ማን ነገረሽ?» አለ።

አቤት ጌታዬ! ይህችን ብቻ ባላለ።

ከዚያ ብዙ አወራ። ሹክሹክታ ነው፣ እማዬ እንዳትሰማ። «ማንበብ ከቻልክ አንብብ አሉኝ። እምቢ ብል እኔን ነበር። ጠመንጃ አልያዝኩም እቴቴ። ወረቀት ብቻ ነው የያዝኩት። ምን እንደሚያደርጓቸው መጀመሪያ አላወቅሁም።»

«ስንተኛው ላይ አወቅህ?»

ጋዜጣውን አጠፈ።

«ስንተኛው ላይ?»

«ሁለተኛው ላይ» አለ።

ሾርባው ቀዘቀዘ። ወንድሜ ነው። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሲያነብ፣ «ስትኮላተፍ አልሰማህም፣ ጮክ በል፣ ጥርት አድርገው» እያልኩ በማስመሪያ የማስፈራራው እኔ ነበርኩ። ከሁለተኛው በኋላ አምስት ቀርቶ ነበር።

ሰኞ 2

ማንኳኳት። ቆጣሪ አንባቢ ነው። እማዬ ስታነጋግረው እኔ ከጓሮ በር ኋላ ቆሜ ነበር፣ ቢላ ይዤ። ለማን ነው ቢላው? አላውቅም።

ለጠበቃው በፖስታ ብልከው? ስሜን ሳልጽፍ። አራቱን ደቂቃ ማን ቆርጦ እንዳወጣው የሚጠይቅ ሰው ግን እኔን ያገኘኛል፣ እኔን ያገኘ እሱን ያገኘዋል። ባልልከው ደግሞ ዓርብ ዳቦ ጋጋሪው ያልቅለታል። ዓርብ ሚስቱ ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች።



ማክሰኞ 3፣ ቢሮ

ደብተሩን ረሳሁት። ይህን በብጣሽ ወረቀት ነው የምጽፈው። ቦርሳዬ ትናንት በዝናብ ስለራሰ ጠዋት ሌላ ያዝኩ፣ ደብተሩ አልጋዬ ላይ ቀረ። ያ አላህ። እማዬ አታነብም። እማዬ አታነብም። ግን እሱ

ወጣሁ።

ረቡዕ 4፣ ንጋት

ብጣሹን ወረቀት እዚህ ለጠፍኩት። ትናንት የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ነገር ነው የምለው።

አሥር ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። ከኮሪደሩ ድምፁን ሰማሁት። «'አዛወርኩት። አሁን ሌላ ቦታ የለም።'» የእኔ ቃል፣ በእሱ አፍ። ጥርት ብሎ።

እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፣ እሱ እግሯ ሥር ወንበር ላይ። ደብተሩ ጉልበቱ ላይ ነው። ሲያየኝ አቆመ።

«ቀጥል» አለችው።

«እማዬ፣ ይበቃሻል» አልኩ እኔ።

«ልጄ ከሳች፣ በሽታ ደብቃኛለች ብዬ ነው አንብብልኝ ያልኩት። ከጀመረ በኋላ ሊዘል ፈለገ። ዝለል ብዬሃለሁ አልኩት? አላልኩም። ቀጥል።»

ቀጠለ። ቅዳሜ 30ን አነበበ። ሁለተኛው ላይ የሚለውን አነበበ። አምስት ቀርቶ ነበር የሚለውን ሲያነብ እንኳ ድምፁ አልተሰበረም፤ እሱ ራሱ የፈራው ያንን ይመስለኛል። የቆጣሪ አንባቢውንም አነበበ። ከዚያ ባዶ ገጽ ደረሰ።

እማዬ ለረጅም ጊዜ መሐረቧን ስታጣጥፍ ቆየች። ትጮኻለች ብዬ ነበር። ትወድቃለች ብዬ መድኃኒቷ የት እንዳለ በዓይኔ እፈልግ ነበር።

«ስማቸውን ታስታውሳለህ?»

«አዎ።»

«ሰባቱንም?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ጥራቸው።»

የመጀመሪያውን ጠራ። እማዬ «አቤት» አለች።

ወደ እኔ ዞረ፣ እንዳስጥለው። አልተንቀሳቀስኩም። ሁለተኛውን ጠራ። «አቤት» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ከሌላ ክፍል ሲጠሯት እንደምትመልሰው። ሦስተኛው ላይ ድምፁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አምስተኛው ላይ ቃሉ አልወጣ አለው፣ እሷ ግን እስኪወጣ ጠበቀችው። ሰባቱንም ጠራ። ሰባቱንም አቤት አለች። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ሌላ የሚጻፍበት ቦታ አለው።

ሲጨርስ እጇን ዘርግታ መነጽሩን ከፊቱ ላይ አወለቀችው። ልጅ ሆኖ መጽሐፍ ላይ ሲያንቀላፋ እንደምታወልቅለት፣ በሁለት እጇ፣ ጆሮውን እንዳይቧጥጠው። እሱም አንገቱን ዝቅ አደረገላት። ያለ መነጽሩ ከግቢው በር እንኳ አያልፍም፤ ግድግዳው የት እንዳለ በእጁ ነው የሚፈልገው። በመሐረቧ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ከደበቅሽው ጋር ይህንንም ጨምሪበት» አለች።

«እማዬ፣ ልጅሽ እኮ ነው!»

«የማን ልጅ ነው ብለሽ ነው የምታለቅሺው?» አለች። እሷም ታለቅስ ነበር። «የእኔ ነው። የእኔ ባይሆን ምን ጨነቀኝ።»

እሱ ዓይኑን አጥብቦ ወደ ድምፃችን ያይ ነበር። የትኛችን እንደሆንን የለየን አይመስለኝም።

ሐሙስ 5፣ ፍርድ ቤት

አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። እጄ ሥራ እንዲይዝ።

ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነው። መሐረቡ ጭኔ ላይ ነው። ጋሽ ጆሮ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ምንም አልጠየቀኝም፤ ግን ትንፋሼን እየቆጠረ ነው፣ አውቀዋለሁ። ማዶ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት አለች። በእጇ ሰላም አለችኝ። ዛሬም ወንበሩ ጫፍ ላይ ናት።

ስወጣ እማዬ የጓሮዋን ክፍል በር ተደግፋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እሱ ከውስጥ ነው። «እቴቴ፣ ሻይ ጠጣሽ?» አለኝ በበሩ በኩል። ሌላ ምንም አላለም። ስመለስ አይኖርም። ደብቀነዋልና እኛንም ይጠይቁናል። እማዬ መድኃኒቷን ማን ያነብላታል? ፈርቻለሁ።

ጸሐፊው አሁን ወጣ። መታወቂያችንን ሰብስቦ እንደ ካርታ ደረበው። «ስማችሁ ሲጠራ አቤት እያላችሁ ግቡ» ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

አንዱን አነበበ። አንድ ሽማግሌ አቤት ብለው ገቡ።

ሁለተኛውን አነበበ። ደህና ያነባል። ጥርት አድርጎ።

የእኔ የቱ ጋ እንዳለ አላውቅም። እነሱም አላወቁም ነበር። እንዲህ ተቀምጠው ነው የጠበቁት፣ ዕቃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው።

ሦስተኛው። እኔ አይደለሁም።

አራተኛው

እኔ ነኝ። አቤት